የአሮጌ መኪና አቅምና የመንገድ ስንቅ፤ ከአዲስ አበባ እስከ አፍዴራ

መንገድ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለሚደርስበት አገር ነው፤ ስለሚያደርሰው መኪና አቅም የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። አባቶቻችን በበቅሎና በግመል በሚጓዙበት ዘመን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ነጋዴው ማለዳ ከመነሣቱ በፊት የአጋሰሱን ጀርባ በእጁ ዳስሶ ገጣባ መኖር አለመኖሩን ሳይመለከት፥ የግራውንና የቀኙንም ጭነት ሳያመዛዝን አይጭንም ነበር። ከብት ሲደክም ይቆማል፥ ሲታመምም ያነክሳል። የብረት ገጣባ ግን አይታይም፤ ብረት ደክሞኛል ብሎ አይናገርም፤ የተናገረ ዕለትም ብዙ ጊዜ በገደል አፋፍ ላይ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ተነሥተን በደሴ በኩል እስከ አፍዴራ የጨው ሐይቅ ያደረግነውን ጉዞ፥ ከጉዞውም በፊት ስለ ጭነት ልክ የተማርነውን፥ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን በዚህ ገጽ እንጽፋለን።

ትምህርቱን ያገኘነው በደስታ አይደለም። ባለፈው ዓመት ለገና በዓል እናታችንን፥ ባለቤታችንንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን በአሮጌው ላንድ ሮቨራችን ወደ ደሴ እንወርድ ነበር። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማበር ደረስን። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ ስናቋርጥ ጉም ነበረ፤ ከዋሻው ወጥተን ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስንጀምር ግን ጉሙ ተገለጠና ከበታች ያለው ቆላ ሁሉ ተዘርግቶ ታየን። ልጆቹ በመስኮት እየተመለከቱ ሲደነቁ፥ በአንድ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬኑን ብንረግጠው እግራችን ምንም ሳይገታው እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ።

ደጋግመን ረገጥነው፤ ጥቂት ያዝ አድርጎ ለቀቀ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፥ ከዚያም ወደ አንደኛ መለስነው፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናውን ገታው፤ በተራራው በኩል ካለው የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ጎማውን አስገብተን አቆምን። የተቃጠለ ነገር ሽታ አየሩን ሞላው። እናታችን አማትበው «ልጄ፥ መኪናው ምን ሆነ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም «ምንም አይደለም እማማ፤ ጥቂት ሞቆት ነው» አልናቸው። ያልናቸው ነገር እውነት እንዳልሆነ ግን እጃችን መንቀጥቀጡ ይመሰክርብን ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል አስቀዝቅዘን በዝግታ ወረድን።

ወደ አዲስ አበባ እንደ ተመለስን መኪናውን በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ነጂ ወደ ነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድነው፤ ስለ ፍሬኑም መጥፎነት ብዙ ተናገርን። እርሳቸውም ፈትተው ከመረመሩ በኋላ፥ «ጌታዬ፥ የፍሬኑ ዘይት አርጅቷል፤ ሸራውም ነዷል፤ ሁለቱንም እለውጣለሁ። ነገር ግን በሽታው ይህ ብቻ አይደለም። የዚያን ቀን ምን ያህል ኪሎ ጭነው ነበር?» አሉን። መልስ አጣን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፥ ጥፋቱ ከእኛ ሆኖ ሳለ ፍሬኑን ስንከስ መቆየታችንን ያን ጊዜ አወቅነው።

ሽማግሌው የሞተሩን ኮፈን ከፍተው ከሥሩ በብሎን የተያዘች አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ በጨርቅ ጠርገው አሳዩን። መኪናው በእጃችን በቆየበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አንብበናት አናውቅም። በሰሌዳዋ ላይ ከመኪናው መለያ ቁጥር በታች የክብደት ልክ በየረድፉ ተጽፏል። አንደኛው መኪናው ከነሰዎቹ፥ ከነነዳጁና ከነዕቃው ሊመዝን የሚገባው የመጨረሻ ልክ ነው፤ ይህም በእኛ መኪና 3,050 ኪሎ ነው። ሁለተኛው ተጎታች ሲጨመርበት ያለው ልክ ነው። ሦስተኛው የፊተኛው አክስል የሚሸከመው ነው፤ 1,200 ኪሎ። አራተኛው የኋለኛው አክስል የሚሸከመው ነው፤ 1,850 ኪሎ። የሁለቱ አክስሎች ድምር ከጠቅላላው ልክ ጋር እኩል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ይኸውም ጠቅላላውን ልክ መሙላት የሚቻለው ጭነቱ በፊትና በኋላ በትክክል የተከፋፈለ እንደ ሆነ ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለ መኪናው ዓይነትም ጥቂት መናገር ይገባል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። ላንድ ሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም ከተማ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት ተወዶ ስለ ነበረ ገላውን ከአሉሚንየም ሠሩት፤ ጭነቱን የሚሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ ስለዚህም ገላው ሳይዝግ ሻንሲው ከውስጥ ሊዝግ ይችላል። በ1955 ዓ.ም. ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ስድስት ወጣቶች በሁለት ላንድ ሮቨሮች ከለንደን ተነሥተው በ1956 ዓ.ም. ሲንጋፖር በመድረሳቸው የዚህ መኪና ስም ለሩቅ መንገደኞች ሁሉ የታወቀ ሆነ። ከሁለቱ መኪናዎች አንዱ እንደ ገና ታድሶ በ2019 ዓ.ም. ከሲንጋፖር ወደ ለንደን በየብስ ተመልሷል። የእኛ ዓይነት መኪና በ1983 ዓ.ም. ወጣ፤ በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 110 ኢንች፥ ማለት 2 ሜትር ከ79 ሳንቲም ስለ ሆነ ስሙ በዚሁ ቁጥር ተጠራ። በ1990 ዓ.ም. ዲፌንደር የሚለው ስም ተጨመረለት፤ መሠራቱም በ2016 ዓ.ም. ቆመ። የእኛው ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው።

ልብ መባል የሚገባው ግን፥ መኪናዎች ስማቸው አንድ ሆኖ ሳለ ልካቸው የሚለያይ መሆኑ ነው። በዚሁ 110 በሚባለው ውስጥ እንኳ እንደ ሞላው ዓይነት ልኩ 2,950 ኪሎ የሆነ አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለ መኪና የጎረቤቱን ወሬ ሳይሆን የራሱን ሰሌዳ ማንበብ አለበት።

በዚህ ዓመት ወደ አፍዴራ ለመሄድ በቆረጥን ጊዜ ሽማግሌው፥ «እንደምትሄዱ ሆናችሁ ጫኑና መኪናው ከነጭነቱ ከሚመዘንበት የምድር ሚዛን ላይ አውጡት፤ አስቀድማችሁ ግን ባዶውን መዝኑት» ብለው መከሩን። ባዶውን ብናስመዝነው 2,240 ኪሎ ሆነ። ይህ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው የበለጠ ነው፤ ምክንያቱም ባለፉት ዓመታት ከፊቱ የብረት መከላከያ፥ ከጣራው ላይ ፖርቶ መጋላ፥ ከውስጡም የዕቃ ሣጥን አስገጥመን ነበር። ለመኪናው ጌጥ ይሆናል ብለን ያስገጠምነው ሁሉ ከስንቃችን ላይ የተቀነሰ መሆኑን ሳናውቅ ኖርን። ከልኩ ላይ ሲቀነስ ለሰውና ለዕቃ የቀረልን 810 ኪሎ ብቻ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ሁሉን ጭነን መዘገብን። አምስት ሰዎች 340 ኪሎ፤ መቶ ሃያ ሊትር ውኃ ከስድስት ጀሪካን ጋር 145 ኪሎ፤ ሰማንያ ሊትር ትርፍ ናፍጣ ከአራት ጀሪካን ጋር 85 ኪሎ፤ ሁለት መለዋወጫ ጎማ ከነቸርኬያቸው 70 ኪሎ፤ የመፍቻና የመለዋወጫ ዕቃ 60 ኪሎ፤ ድንኳንና መኝታ 90 ኪሎ፤ ምግብና የማብሰያ ዕቃ 85 ኪሎ፤ በደሴ ላሉት ለእትዬ፥ ማለት ለእናታችን ታላቅ እህት፥ የሚሆን አንድ ኩንታል ጤፍና ሌላ የቤት ዕቃ 150 ኪሎ። ድምሩ 1,025 ኪሎ ሆነ። መኪናው በሚዛን ላይ ሲወጣ 3,265 ኪሎ መዘነ፤ ከልኩ 215 ኪሎ በለጠ።

ከዚህም የባሰ አለ። የፊቱን ጎማዎች ብቻ በሚዛኑ ላይ ብናወጣቸው 1,150፥ የኋላዎቹን ብናወጣቸው 2,115 ኪሎ ሆኑ። የፊቱ አክስል ገና ቦታ ሲኖረው የኋላው ከልኩ በላይ 265 ኪሎ ተሸክሟል። ሽማግሌው ምክንያቱን እንዲህ ሲሉ አስረዱን። ከኋለኛው አክስል ወደ ኋላ የተቀመጠ ዕቃ እንደ ሚዛን ዘንግ የኋላውን ሲጫን የፊቱን ያነሣዋል። መቶ ኪሎ ዕቃ ከኋለኛው አክስል ሰባ ሳንቲም ወደ ኋላ ብናስቀምጥ፥ በኋላው ላይ የሚያርፈው መቶ ሳይሆን 125 ኪሎ ይሆናል፤ ከፊቱም 25 ኪሎ ይነሣለታል። የፊቱ ሲቀልል መሪው ይሳሳል፤ የፊቱ ጎማም መሬቱን አጥብቆ ስለማይዝ ፍሬኑ ይደክማል። ያንኑ ዕቃ በሁለቱ አክስሎች መካከል ያስቀመጥነው እንደ ሆነ ግን ሁለቱ ይካፈሉታል።

ባለቤታችን በዚህ ጊዜ፥ «እንግዲያው ጠንካራ ሞላ ብናስገባለትስ?» ብለው ጠየቁ። ይህ ብዙ ሰዎች የሚያስቡት ነገር ስለ ሆነ መልሱን እንጽፋለን። ጠንካራ ሞላ የተንበረከከውን መኪና ቀና ያደርገዋል፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ግን አይለውጠውም። አክስሉ፥ ኩሽኔታው፥ ፍሬኑ፥ ሻንሲውና ቸርኬው እንደ ነበሩ ናቸውና። «እመቤቴ፥ የታመመውን በቅሎ አንገቱን ቀና አድርጎ ማሰር ነው፤ ቁመናው ያምራል እንጂ አይድንም» አሉ ሽማግሌው። እንዲያውም የመኪናው መንበርከክ ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ስለ ሆነ፥ ሞላ ብቻ የለወጠ ሰው ማስጠንቀቂያውን አጠፋ እንጂ አደጋውን አላራቀም።

ፍሬኑን ያደከመው ምን እንደ ሆነም ያን ጊዜ ገባን። ከጣርማበር ከፍታ፥ 3,100 ሜትር ገደማ፥ 1,300 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ቁልቁለቱ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ሦስት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ150 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ድረስ ያሞቃል። የዚህን ሙቀት ከፊሉን ሞተሩ በከባድ ማርሽ፥ ከፊሉንም ነፋስና ጎማ ይወስዳሉ፤ የቀረውን ሁሉ የሚቀበለው ፍሬኑ ነው። ነጂው በቀላል ማርሽ እየወረደ ፍሬኑን ያለ ማቋረጥ የረገጠ እንደ ሆነ ሙቀቱ ወደ ፍሬኑ ዘይት ይደርሳል። የፍሬን ዘይት ባረጀ ቁጥር ከአየር ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ የጠጣም ዘይት ቶሎ ይፈላል። ሲፈላም እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ አይገፋም፤ እግርም እስከ ወለሉ ይወርዳል። በእኛ ላይ የደረሰው ይህ ነበረ።

ማታ ቤተ ሰቡን ሰብስበን ሸንጎ አደረግን። ከሁሉ የከበደው የእትዬ ጤፍ ነበረ። እናታችን፥ «ባዶ እጄን በእህቴ ደጅ አልቆምም፤ ጤፉ ከሚቀር እኔ ልቅር» አሉ። ምን እንደምንል ጨነቀን፤ ምክንያቱም ክብር የሚመዘንበት ሚዛን የለም። ባለፈው ዓመት የደበቅነውንም እውነት ያን ጊዜ ነገርናቸው። «እማማ፥ ባለፈው ጣርማበር ላይ መኪናው ሞቆት አልነበረም፤ ፍሬኑ ጠፍቶ ነበር። የጠፋውም ከልኩ በላይ ጭነን ነው።» ዝም ብለው ቆዩ፤ ወደ ልጆቹም ተመለከቱ። ከዚያ በኋላ፥ «ያን ጊዜ ለምን አልነገራችሁኝም? እህቴ ጤፍ ብላ የልጅ ልጆቼን ልታጣ አትወድም። በጭነት መኪና ይላክ» አሉ። ከዚህ ቃል በኋላ ሌላው ሁሉ ቀላል ሆነ።

ጤፉና የቤት ዕቃው በጭነት መኪና ተላከ፤ 150 ኪሎ ቀነሰ። ሠመራ ላይ ናፍጣ ስለሚገኝ ሁለት ጀሪካን አስቀረን፤ 42 ኪሎ። ከሁለቱ መለዋወጫ ጎማ አንዱን ተውነው፤ 35 ኪሎ። ከመኝታው 30፥ ከማብሰያውና ከምግቡ 20፥ ከመፍቻውም 15 ኪሎ ጎደለ። በድምሩ 292 ኪሎ ነው። ውኃውን ግን አልነካነውም፤ በበረሃ ውኃ ጭነት ሳይሆን ሕይወት ነውና። ጀሪካኖቹን ከኋላ በር አንሥተን በመካከል፥ ከወለሉ ላይ አሰርናቸው። ከጣራ ላይ ድንኳንና ብርድ ልብስ ብቻ ቀረ፤ ጣራ የሚሸከመው ከመኪናው አቅም እጅግ ያነሰ ከመሆኑም በላይ፥ ከፍ ብሎ የተጫነ ክብደት በጠመዝማዛ ላይ መኪናውን ወደ ጎን ይጥለዋል። እንደ ገና ስናስመዝን ጠቅላላው 2,973፥ የፊቱ 1,165፥ የኋላው 1,808 ኪሎ ሆነ። ሽማግሌው ወረቀቱን አይተው፥ «ልኩ የተጻፈው መኪናው አዲስ ሳለ ነው፤ ከዚህም ዝቅ ብትሉ ለአሮጌው ይሻለዋል» አሉ። የጎማውንም ነፋስ የፊቱን 28፥ የኋላውን 48 አድርገው ሞሉልን፤ ጭነት ያለበት ጎማ ነፋሱ ያነሰ እንደ ሆነ እየተጣጠፈ ይሞቃልና።

በጣርማበር በኩል በወረድን ጊዜ ከዋሻው እንደ ወጣን ከባድ ማርሽ አስገብተን በሞተሩ ጉልበት ወረድን፤ ፍሬኑን አጥብቀን እየረገጥን ወዲያው እንለቀው ነበር። ባለፈው ዓመት ከቆምንበት ቦይ አጠገብ ስንደርስ ማንም አልተናገረም፤ እናታችን ብቻ አማተቡ። ሸዋ ሮቢት ደርሰን በቸርኬው አጠገብ እጃችንን ብናስጠጋ ሞቆ ነበር እንጂ አልተቃጠለም።

በደሴ እትዬ በደጃቸው ቆመው ጠበቁን። ጤፉ ከእኛ አንድ ቀን ቀድሞ ደርሶ፥ የተጋገረውም እንጀራ ከዚያው ጤፍ ነበረ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ተመልሰን፥ ሰኞ ዕለት አማራው፥ ኦሮሞውና አፋሩ በሚገናኙበት በባቲ ገበያ በኩል ወደ ሚሌ ወረድን። ደጋው በአንድ ቀን ውስጥ ተለውጦ ግራር፥ ከዚያም ጥቁር ድንጋይና የሚንቀጠቀጥ አየር ብቻ ሆነ። ሠመራ ነዳጅ ሞልተን ከሰርዶ ወደ ሰሜን ታጠፍን።

አፍዴራ ከባሕር ወለል በታች መቶ ሜትር ያህል የወረደ አገር ነው። ሐይቁ ሰማያዊና ጸጥ ያለ፥ በዳርቻው ፍል ውኃ የሚፈልቅበት ነው፤ ሠራተኞቹም ጨዋማውን ውኃ በየመደቡ ገድበው ፀሐይ ስታተነው ነጩን ጨው ይሰበስባሉ። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ዳርቻው ለመጠጋት ጥቂት ልል አሸዋ ማለፍ አስፈለገን፤ የጎማውን ነፋስ ቀንሰን በዝግታ አለፍን፤ ወደ መንገዱ ስንመለስም ወዲያው በእጅ መንፊያ መለስነው። ከእኛ በፊት የገባ አንድ እጅግ የተጫነ መኪና እስከ አክስሉ ሰምጦ አገኘነው፤ ሰዎቹም ዕቃቸውን ሁሉ በዚያ ሐሩር እያወረዱ ነበር። በቤታችን ያላወረድነውን በበረሃ እናወርደው እንደ ነበረ ልጆቻችን ያን ጊዜ ተረዱት፤ ውኃ ሰጥተን በገመድ አወጣናቸው።

ለመመለስ ስንነሣ ልጆቹ አንድ ጆንያ ጨው ለእትዬ እንውሰድ አሉ። እኛ ሳንመልስላቸው ታላቂቱ ልጃችን ደብተርዋን አውጥታ፥ «ዘጠና ሊትር ውኃ ጠጥተናል፤ ጨው ሃምሳ ኪሎ ነው፤ ይበቃል፤ ነገር ግን ከኋላ ሳይሆን በጀሪካኖቹ ቦታ ይታሰር» ብላ ፈረደች። እናታችንም ስቀው፥ «ነጋድራስዋን አገኘን» አሉ። ጨውም በልኩ ተጭኖ ደሴ ገባ።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ይዞ ሩቅ መንገድ የሚያስብ ቤተ ሰብ አራት ነገር አይርሳ። የራሱን ሰሌዳ ያንብብ፤ ባዶውንም የተጫነውንም፥ የፊቱንም የኋላውንም ለየብቻ ያስመዝን፤ ከባዱን ዕቃ ዝቅ አድርጎ በመካከል ይሰር፤ ከቁልቁለት በፊት ማርሹን ያክብድ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚበልጠው፥ በቤት ውስጥ እውነቱን መነጋገር ነው። ስጦታ በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ ወዳጅም ይጠብቃል፤ ከልኩ በላይ የተጫነ መኪና ግን በቁልቁለት ላይ ማንንም አይጠብቅም።